አተንቦሮ የአንድ ፊልም ሰው ነበር? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ እንግሊዛዊው የፊልም ሰው ስለ ሪቻርድ አተንቦሮ የተጻፈ ረዘም ያለ ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው ሐሳባቸውን በጥሩ አማርኛ ነው ያቀረቡት፤ ፊልሞቹን ማየታቸውም ያስታውቃል። ድምዳሜያቸው ግን አልተዋጠልኝም። ባጭሩ የሚሉት ይህን ነው፦ አተንቦሮ በመሠረቱ ተዋናይ ነበር፤ በ1982 በወጣው «ጋንዲ» በተባለው አንድ ፊልም፣ ያውም በሰው ብዛትና በዕድል፣ ከታላላቆቹ ተርታ ተሰለፈ። «ጋንዲ»ም ቢሆን የእንግሊዝን ገመና የሚሸፍን ፊልም ነው። «ክራይ ፍሪደም» የተባለው ሌላው ፊልሙ የጥቁሮችን ትግል ለነጭ ጀግና አሳልፎ ሰጥቷል። ሰውየው የራሱ የሆነ እጅ የለውም፤ የሹመትና የማዕረግ ሰው ነበር፤ ከ1982 ወዲህም የረባ ነገር አልሠራም። እነዚህን አንድ በአንድ ላንሳቸው። (ቀኖቹና ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከመጀመሪያው ልጀምር፤ የሌሎቹም ስህተቶች ምንጭ እሱ ይመስለኛል። ጸሐፊው የአተንቦሮን ሕይወት ለሁለት ይከፍሉታል፦ እስከ 1969 ተዋናይ፣ ከዚያ በኋላ ዳይሬክተር። መሃል ላይ ያለውን፣ ፕሮዲዩሰር የነበረበትን ዘመን፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈውታል። ሰውየው የተሠራው ግን እዚያ ነው።

አተንቦሮ በ1942 በአንድ የጦርነት ፊልም ላይ ፈርቶ ቦታውን የሚለቅ ወጣት መርከበኛ ሆኖ ብቅ አለ። ከጦርነቱ በኋላ በ«ብራይተን ሮክ» ፒንኪ የተባለውን ልጅ እግር ወንበዴ ተጫውቶ ስሙን ተከለ። ከዚያ በኋላ የእንግሊዝ ፊልም ኢንዱስትሪ ደጋግሞ የሰጠው ያንኑ ዓይነት ሚና ነው፤ ወታደር፣ መርከበኛ፣ ጭንቀታም ወጣት። ዓመታት እንዲህ አለፉ። በ1959 ከጓደኛው ከብራያን ፎርብስ ጋር ቢቨር ፊልምስ የሚባል የራሳቸውን ድርጅት ሲያቋቁሙ ሁለቱም የሚጎድላቸው ሥራ አልነበረም። የጎደላቸው የሚያምኑበት ሥራ ነበር።

የመጀመሪያ ሥራቸው «ዚ አንግሪ ሳይለንስ» ነው፤ የተቆጣ ዝምታ እንደማለት። አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ማኅበሩ ያልፈቀደው የሥራ ማቆም አድማ ሲጠራ «አልገባበትም» ይላል። ከዚያ በኋላ ባልደረቦቹ ያኮርፉታል። አይሰድቡትም፤ ዝም ብለው ማናገር ያቆማሉ። ሚስቱ አርግዛለች፣ ልጆች አሉት፣ ጎረቤቱ ሁሉ የፋብሪካው ሰው ነው። ፊልሙ ያ ዝምታ ወደ ዱላ እስኪለወጥ ድረስ ይከተለዋል።

እንግዲህ ገንዘቡን እንመልከት። የተሰላው በጀት ገንዘብ ሊያቀርብ የተዘጋጀው ድርጅት ሊሰጥ ከፈቀደው በላይ ሆነ፤ ድርጅቱ ከ100,000 ፓውንድ በላይ አልሰጥም አለ። ለመሪ ሚናው የታሰበው ታዋቂ ተዋናይም ቀረ። እነ አተንቦሮ ታዲያ ክፍያቸውን አቆዩት፤ ደራሲው፣ ዳይሬክተሩ፣ ዋና ዋና ተዋንያኑ፦ ፊልሙ ካተረፈ እንካፈላለን፣ ካላተረፈ ቀረ። መሪውን ሚና አተንቦሮ ራሱ ያዘው። ፊልሙ ከተፈቀደው ገንዘብ በታች አለቀ። በእኛ አገር ፕሮዲዩሰር ሲባል ብር ያለው ሰው ማለት ይመስለናል። እዚህ ያለው ፕሮዲዩሰር ብር የሌለው፣ ግን ሌላው ሰው ደመወዙን ትቶ እንዲከተለው ማድረግ የቻለ ሰው ነው።

ፊልሙ ሲወጣ ደግሞ በደቡብ ዌልስ የማዕድን ሠራተኞች በሚያስተዳድሯቸው ሲኒማ ቤቶች «ጸረ ሠራተኛ ነው» ተብሎ ታገደ። አተንቦሮ ቤቱ ቁጭ ብሎ መግለጫ አላወጣም። ፊልሙን ይዞ ሄደ፣ አሳያቸው፣ ፊት ለፊት ተከራከራቸው። እገዳው ተነሳ። ይህን ሰው በ1969 በድንገት ዳይሬክተር የሆነ ተዋናይ ነው ማለት አልችልም።

ወዲያው አላይድ ፊልም ሜከርስ የሚባል የፊልም ሠሪዎች ኅብረት መጣ። እነ ፎርብስ፣ ባዚል ዲርደን፣ ማይክል ረልፍ፣ ጋይ ግሪንና ጃክ ሆኪንስ አብረውት ነበሩ። በ1961 አተንቦሮ «ዊስል ዳውን ዘ ዊንድ»ን ፕሮዲዩስ ሲያደርግ ዳይሬክተሩ ብራያን ፎርብስ ነበር፤ ከዚያ በፊት አንድም ፊልም ዳይሬክት አድርጎ የማያውቅ ሰው። ላንካሸር ውስጥ ጎተራ ውስጥ የተደበቀን ነፍሰ ገዳይ ኢየሱስ ክርስቶስ ነው ብለው ያመኑ የገበሬ ልጆች ታሪክ ነው። የሰፈሩ ልጆች ራሳቸው የተጫወቱበት በመሆኑ የአነጋገራቸው ለዛ ዛሬም አይጠገብም። ከዚያም «ዚ ኤል ሼፕድ ሩም» እና «ሴአንስ ኦን ኤ ዌት አፍተርኑን» ተከተሉ። ሁለቱም መሪ ተዋናዮቻቸውን ለኦስካር ዕጩነት አብቅተዋል። ጸሐፊው እነዚህን ከቁጥር አላስገቧቸውም፤ ምክንያቱም ዳይሬክተር ተብሎ የተጻፈው የሌላ ሰው ስም ነው። ለሌላ ሰው ወንበሩን መልቀቅ ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

አሁን ወደ «ጋንዲ» እንምጣ። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ጋንዲ በመጀመሪያ የማዋለጃ ሆስፒታል ስም ነው፤ እኔም ሰውየውን ያወቅኩት ዘግይቼ፣ በአንድ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ከዚያ ወዲህ ፊልሙን ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ «በዕድል» የሚለው ቃል ስላናደደኝም ነው ይህን ምላሽ የጻፍኩት።

በ1962 ሞቲላል ኮታሪ የሚባል፣ ለንደን በሕንድ ከፍተኛ ኮሚሽን (ኤምባሲ) የሚሠራ ሰው ለአተንቦሮ ስልክ ደወለ፤ ስለ ጋንዲ ፊልም ይሠራ ዘንድ የሕይወት ታሪካቸውን የያዘ መጽሐፍ ሰጠው። አተንቦሮ መጽሐፉን ሲያነብ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ወጣቱ ጋንዲ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ ሰዎች መሰሎቻቸውን በማዋረድ ራሳቸው የሚከበሩ እንዴት እንደሚመስላቸው ሁልጊዜ እንቆቅልሽ እንደሆነባቸው የሚናገሩበት ቦታ ነው። አተንቦሮ ይህን ደጋግሞ ይናገረው ነበር። ያኔ አንድም ፊልም ዳይሬክት አላደረገም። በ1963 የሕንድን ጠቅላይ ሚኒስትር ኔህሩን አግኝቶ አነጋገራቸው፤ ኔህሩም ጋንዲን አምላክ አታድርጋቸው፣ ከዚያ የሚበልጡ ሰው ነበሩ አሉት። በ1964 ኔህሩ ሞቱ። በ1970 ኮታሪ ራሱ ሞተ። የፊልሙን ድርሰት አንድ ደራሲ ጀመረ፣ ሌላው ቀጠለ፣ ሮበርት ቦልትም ሞከረበት፣ በመጨረሻ ጆን ብራይሊ ጨረሰው። ቀረጻው የተጀመረው ኅዳር 1980 መጨረሻ ላይ ነው። ከስልኩ እስከ ቀረጻው 18 ዓመት! በመሃል የሠራቸው ትልልቅ ፊልሞች፣ «ያንግ ዊንስተን» እና «ኤ ብሪጅ ቱ ፋር»፣ ይህን ሕልም ከኪሱ አላወጡትም።

ዋጋውም የወረቀት ላይ ዋጋ አይደለም። በ1952 እሱና ባለቤቱ ሺላ ሲም ለንደን ውስጥ «ዘ ማውስትራፕ» የተባለው ቲያትር ሲከፈት የመጀመሪያዎቹ ተዋንያን ነበሩ፤ ከደመወዛቸው ቀንሰው ከትርፉ አሥር በመቶ ድርሻ ገዙ። ያ ቲያትር ከመድረክ ሳይወርድ አሥርት ዓመታት ቆጠረ። የዕድሜ ልክ እንጀራ ማለት ነው። አተንቦሮ ከዚያ ድርሻ የቀረውን የሸጠው የ«ጋንዲ» ሥራ እንዳይሞትበት ሲል ነው። ቤቱንም አስይዟል። ዕድል የሚባለው ይህ ከሆነ አልቃወምም።

ፊልሙን ያገነነው የሰው ብዛት፣ «የሰው ባሕር»፣ ነው ለሚለው ክርክር ጸሐፊው የሚጠቅሱት የቀብሩን ትዕይንት ነው። እሱም በጥር 31 ቀን 1981፣ የጋንዲ አስከሬን በተሸኘበት ዕለት 33ኛ ዓመት፣ ኒው ዴልሂ ውስጥ በአንድ ቀን ጠዋት ነው የተቀረጸው። ከ300,000 በላይ ሰው ተገኝቷል፤ አብዛኛው ያለ ክፍያ በፈቃዱ የመጣ ነው። አሥራ አንድ የካሜራ ቡድኖች ከ20,000 ጫማ በላይ ፊልም ቀረጹ። እሺ፤ ከዚያ ሁሉ ፊልሙ ላይ የቀረው ምን ያህል ነው? 125 ሴኮንድ። 191 ደቂቃ በሚረዝም ፊልም ውስጥ ሁለት ደቂቃ ከአምስት ሴኮንድ! በሰው ብዛት ሊያስደምመን የፈለገ ሰው ያን ሁሉ ጥሎ ሁለት ደቂቃ አያስቀርም።

ከፊልሙ ልብ ውስጥ የሚቀረው ሌላ ነው። በ1930 ዳራሳና የሚባለው የጨው ማምረቻ በር ላይ ነጭ ጥጥ የለበሱ የጋንዲ ተከታዮች በሰልፍ ይቆማሉ። ፊት ለፊታቸው ጫፉ ብረት የሆነ ዱላ የያዙ ዘበኞች አሉ። የመጀመሪያው ረድፍ ይራመዳል። ማንም እጁን አያነሳም፤ ራሱን ለመከላከል እንኳ። ይመታሉ፣ ይወድቃሉ። ሴቶቹ ከጎን መጥተው ጎትተው ያወጧቸዋል። ከዚያ ሁለተኛው ረድፍ ይራመዳል። ሦስተኛው። ካሜራው አይቸኩልም፣ ሙዚቃውም አያስለቅሰንም። የሚሰማው የዱላው ድምፅ ነው። ይህን ትዕይንት ያየ ሰው ስለ ብዛት አያስብም፤ ተራው የሚደርሰውን የሚቀጥለውን ሰው ፊት ያያል።

«የእንግሊዝን ገመና ይሸፍናል» ለተባለውም መልሱ ከዚህ ጋር ነው። በሕንዷ ከተማ በአምሪትሳር የተፈጸመውን ጭፍጨፋ ፊልሙ አልዘለለውም። የእንግሊዝ ጦር መኮንኑ ጄኔራል ዳየር መውጫ በሌለው አጥር ውስጥ በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ያለ ማስጠንቀቂያ ያስተኩሳል፤ እናቶች ጉድጓድ ውስጥ ይዘላሉ። ከዚያ መርማሪ ጉባኤ ፊት ቀርቦ የተተኮሰው ጥይት 1,650 እንደሆነ፣ መሣሪያ የጫኑት መኪናዎች በጠባቡ መግቢያ ቢያልፉለት ኖሮ እነሱንም ይጠቀም እንደነበር ያለ ምንም ኀፍረት ይመልሳል። ለቆሰሉት እርዳታ ለሚጠይቁ ሁሉ ዝግጁ ነበርኩ ሲልም፣ ጥይት የመታው ሕፃን እርዳታ የሚጠይቀው እንዴት እንደሆነ ይጠየቃል። ዳየርን የተጫወተው ኤድዋርድ ፎክስ ፊቱ ላይ ጭካኔ አያሳይም፤ ሥራውን በትክክል የሠራ ቢሮክራት ይመስላል፤ የሚያስፈራውም ያ ነው። ይህን የሠራው እንግሊዛዊ ነው፣ በእንግሊዛውያን ተዋንያን፣ ለእንግሊዝ ሕዝብ ጭምር።

ጸሐፊው ልክ የሆኑበትን ደግሞ አልክድም። በሕንድ «የማይነኩ» ተብለው ከተገለሉት ከዳሊት ወገን የተነሱት ታላቁ የሕግ ሰው አምቤድካር ፊልሙ ውስጥ የሉም። ይህ ትንሽ ጉድለት አይደለም፤ ከጋንዲ ጋር የነበራቸው ክርክር ሳይነሳ የጋንዲ ታሪክ ሙሉ አይሆንም። የፓኪስታን መሥራች ጂናህም ደረቅ ሰው ተደርገው ቀርተዋል። ነገር ግን ይህ ጉድለት የመጣው ለእንግሊዝ ከማዳላት ሳይሆን ለጋንዲ ካለው ፍቅር ነው። ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። ከ22 ሚሊዮን ዶላሩ ሲሶ ያህሉን የሸፈነውም የሕንድ መንግሥት የፊልም ልማት ኮርፖሬሽን እንደነበር ጸሐፊው ቢያነሱት ኖሮ ክርክራቸው ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። ከስምንቱ ኦስካሮች በአንዱ፣ በአልባሳት፣ ባኑ አታይያ ከጆን ሞሎ ጋር ስትሸለም የመጀመሪያዋ ሕንዳዊት የኦስካር ተሸላሚ ሆናለች። «የሰው ባሕር» የተባለው ሕዝብ የለበሰው ሸማ በእጇ የተመረጠ ነው።

«ክራይ ፍሪደም»ን በተመለከተ ከጸሐፊው ጋር ግማሽ መንገድ እሄዳለሁ። በ1987 የወጣው ይህ ፊልም ስለ ደቡብ አፍሪካዊው የጥቁሮች መብት ታጋይ ስለ ስቲቭ ቢኮ ነው ተብሎ ይጀምራል፤ ዴንዘል ዋሽንግተን ቢኮን ሲጫወት ከፊቱ ዓይን ማንሳት ያቅታል። ቢኮ ግን መሃል ላይ ይሞታል። የቀረው ከአንድ ሰዓት በላይ የነጩ ጋዜጠኛ የዶናልድ ዉድስና የቤተሰቡ ሽሽት ነው። ቄስ መስሎ ወደ ሌሶቶ ሲሻገር እኔም ልቤ ይንጠለጠላል፤ ግን «ቢኮስ?» እያልኩ ነው። ይህን ቅሬታ ጥቁር ደቡብ አፍሪካውያንም አንስተውታል፤ እውነት ነው።

የማልስማማው «ትግሉን አሳልፎ ሰጠ» በሚለው ላይ ነው። ጸሐፊው የፊልሙን መጨረሻ አልጻፉትም። አውሮፕላኑ የዉድስን ቤተሰብ ይዞ ሲበር ፊልሙ እዚያ አይዘጋም። ወደ ኋላ፣ ወደ ሰኔ 1976፣ ወደ ሶዌቶ ይመለሳል። ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎች ናቸው፤ ፖሊስ ይተኩሳል። ከዚያ ስክሪኑ ላይ በእስር ቤት የሞቱ ሰዎች ስም ዝርዝር ያልፋል። ከየስሙ አጠገብ ባለሥልጣናቱ የሰጡት ምክንያት አለ፦ ራሱን ሰቀለ። ከደረጃ ወደቀ። መታጠቢያ ቤት አዳለጠው። ራሱን ሰቀለ። ማብራሪያ አልተሰጠም። ዝርዝሩ ይረዝማል። የነጩ ቤተሰብ መዳን ለተመልካቹ እንደ ደስታ ሆኖ እንዳይቀር ያን ያደረገው አተንቦሮ ነው።

ጊዜውንም እናስታውስ። ኔልሰን ማንዴላ ገና እስር ቤት ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ መቅረጽ ስላልተቻለ ዚምባብዌ ተቀረጸ። በሐምሌ 1988 የአገሪቱ ሳንሱር ክፍል ራሱ አሳልፎት ሲኒማ ቤቶች ማሳየት እንደጀመሩ ፖሊስ በዚያው ቀን ኮፒዎቹን ወረሰ፤ ሲኒማ ቤቶች ላይም ቦምብ ተጣለ። አፓርታይድ ነጭን ጀግና ያደረገውን ፊልም ያን ያህል የፈራው ለምንድን ነው?

«የራሱ እጅ የለውም» ለሚለው ብዙ አልልም። በ1969 የመጀመሪያ ፊልሙን፣ «ኦ! ዋት ኤ ላቭሊ ዎር»ን ይመልከቱ። አንደኛውን የዓለም ጦርነት በወታደሮቹ ዘፈን የሚተርክ ነው። ያንንም የጀመረው እንደ ፕሮዲዩሰር በማሰብ ነው፤ መጀመሪያ ሎረንስ ኦሊቪዬን በትንሽ ክፍያ አሳመነ፣ እሱ እሺ ካለ በኋላ ሌሎቹ ታላላቅ ተዋንያን እምቢ የሚሉበት አፍ አጡ። መጨረሻው ላይ አንድ ወታደር ከምሽጉ ወጥቶ ቀይ ጥብጣብ እየተከተለ ይሄዳል፤ ጥብጣቡ የሰላም ስምምነቱ በሚፈረምበት አዳራሽ መሃል አሳልፎ አረንጓዴ ኮረብታ ላይ ያደርሰዋል። የቤተሰቡ ሴቶች ሣር ላይ ተቀምጠዋል፤ አያዩትም። ከሞቱት ወንድሞቹ ጎን ይጋደማል። የተጋደሙት ወደ ነጭ መስቀል ይለወጣሉ። ካሜራው ወደ ላይ መነሳት ይጀምራል፤ ሲነሳ፣ ሲነሳ፣ መስቀሉ አያልቅም። በሺዎች የሚቆጠሩት መስቀሎች በእውን ኮረብታው ላይ የተተከሉ ናቸው። በጦርነቱ ጊዜ በአየር ኃይል የፊልም ክፍል ውስጥ ከቦምብ ጣይ አውሮፕላን ጅራት ሆኖ ካሜራ የያዘ ሰው ነው ይህን ያሰበው።

«የሹመት ሰው» የሚለውስ? አዎ፣ በ1976 ሰር፣ በ1993 ሎርድ ተባለ። የብሪታንያ ፊልም ኢንስቲትዩትንና ቻናል 4ን በሊቀመንበርነት መርቷል፤ ሁለቱም ሌላ ቦታ ገንዘብ የማያገኙ ወጣት ፊልም ሠሪዎች ያንኳኩት የነበረ በር ናቸው። ይልቅ ልጅነቱን ማየት ይሻላል። በ1939 አባቱ የሌስተር ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ኃላፊ ሳለ ሁለት አይሁድ እህትማማቾች ከበርሊን ሸሽተው እቤታቸው አረፉ፤ ወደ አሜሪካ ዘመዶቻቸው ሊሻገሩ ነበር። ጦርነቱ ሲጀመር መንገዱ ተዘጋ። ወላጆቹ ሦስቱን ወንዶች ልጆች፣ ሪቻርድን፣ ዴቪድንና ጆንን ጠርተው፣ እነዚህ ልጆች እህቶቻችሁ ሆነው ይቆዩ ዘንድ እንፈልጋለን፣ ውሳኔው ግን የእናንተ ነው አሏቸው። ልጆቹ እሺ አሉ። እህትማማቾቹ ጦርነቱ እስኪያልቅ አብረው አደጉ። አተንቦሮ ስለ ሕይወቱ በተጠየቀ ቁጥር ይህን ቀን ያነሳ ነበር። የፊልሞቹን ርዕሰ ጉዳይ ከማዕረጉ ይልቅ ይህ ያስረዳኛል።

የመጨረሻው፣ «ከ1982 በኋላ ምንም የለም» የሚለው። «ኤ ኮረስ ላይን» አልተሳካም። በ1999 የሠራው «ግሬይ አውል»ም፣ እሱና ወንድሙ በልጅነታቸው ያዩትን ሰው ታሪክ በፍቅር ቢሠራውም፣ ሕይወት አልዘራም፤ እሰጣለሁ። በ1993 የወጣውን «ሻዶውላንድስ» ግን ጸሐፊው እንዴት እንደዘለሉት አልገባኝም። በዚያው ዓመት አተንቦሮ ለረጅም ጊዜ ትቶት ወደነበረው ትወና ተመልሶ በ«ጁራሲክ ፓርክ» አያት ሆኖ ታየ፤ የልጅ ልጁን የተጫወተው ጆሴፍ ማዜሎ የሚባል ልጅ ነው። ያንኑ ልጅ «ሻዶውላንድስ» ላይ ዳይሬክት አድርጎታል። ታሪኩ በስተርጅና ያፈቀራትን ሚስቱን በካንሰር ስላጣው የኦክስፎርድ መምህርና ደራሲ ነው። ሴትዮዋ ከሞተች በኋላ መምህሩን የተጫወተው አንቶኒ ሆፕኪንስና የሴትዮዋ ልጅ ከቤቱ ጣሪያ ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል፣ አሮጌው ቁም ሳጥን አጠገብ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ልጁ እናቱን እንደሚፈልግ ይናገራል። ሰውየው እኔም እፈልጋታለሁ ይላል። ዕድሜውን በሙሉ ስለ ሐዘን ትርጉም ያስተማረ ሰው፣ ከልጁ ብሶ፣ አፉን ከፍቶ ያለቅሳል። ካሜራው አይንቀሳቀስም። ክፍሉ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ማንም የለም።